የልብስ ሰፊዋ መስኮት

ልብስ ሰፊዋ በያጅ የጠራችው፣ የመስኮቷ መስታወት ሁለቴ በድንጋይ ተሰብሮ፣ በሦስተኛው ሌባ ገብቶ መቀሷን ሳያስቀር ሲወስድባት ነው። እሱም የጣት ውፍረት ያለው ፍርግርግ ብረት ገጠመላትና፣ «እትዬ፣ ከእንግዲህማ ለጥ ብለው ይተኙ!» አላት። ስምንት ወር ተኛች።

ዛሬ ጠዋት ቁልፏን ስፌት መኪናው ላይ ረስታ በሩ ተዘጋባት። በክፍቱ መስኮት ቁልፉን እያየች፣ «ያ ሁሉ ብረት ሊቆረጥ ነው!» ብላ እየተብሰለሰለች በያጁን አስጠራችው። እሱ ግን መቁረጫ እንኳ አላመጣም። ከኪሱ ካቻቪቴ አውጥቶ አራቱን ብሎን ከደጅ በኩል ፈታ፤ ፍርግርጉን ብድግ አድርጎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

«አዩ፣ አንድ ጭረት የለውም!» አለ እየተኩራራ።

ደሟ ፈላ። «ስምንት ወር ሙሉ ለጥ ብዬ የተኛሁት በሌቦቹ ጨዋነት ነው በለኛ!»