ጌቱ ያጠፋቸው የጥያቄ ምልክቶች

ጌቱ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው፤ ኮምፒውተር ተምሮ ከደብረ ማርቆስ ሲመለስ ግን አገሩን እሱ የፈጠረው ይመስል ነበር። በገበሬዎች ማኅበራችን ቢሮ ተቀጠረ። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር ስክሪን ሲከፍት በሩን ይዘጋል፤ እኛ መዝጋቢዎቹ ካየንበት ጥበቡ የሚያልቅበት ይመስል። እንዲህ ያለ ሰው ከድሮም ያንገሸግሸኛል።

አምና ክረምት ሲገባ የማዳበሪያ ኩፖን የሚያትመው ፕሮግራም እክል ገጠመው። በአሮጌው ኮምፒውተር የተመዘገቡት ነባር አባላት ስማቸው የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ወጣ። አሮጌው ፊደሉን ያስቀመጠው በሌላ ኮድ ስለነበር አዲሱ ፕሮግራም ማንበብ አቃተው። መፍትሔው የድሮውን ኮድ ወደ አዲሱ ቀይሮ ስሞቹን አንድ በአንድ ማመሳከር ነው። ይህን የነገረን ራሱ ጌቱ ነው፤ አሳምሮ ያውቀዋል። ግን ማን ይልፋ? «ማንበብ ያቃተህን ዝለል» ብሎ ፕሮግራሙን አዘዘው። የጥያቄ ምልክቱ ጠፋ። ኃላፊያችን አጨበጨቡ፤ እሱም ዓይኑን በጨው ታጥቦ ምስጋናውን ተቀበለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ማዳበሪያው ሲታደል ለነባሮቹ አባላት ኩፖን አልታተመም። ጤፍ መዝሪያው ደርሷል። ሰልፈኛው ሲጮህ ጌቱ በመስኮት ብቅ አለና «ኮምፒውተር አይሳሳትም! ያልተመዘገባችሁት እናንተ ናችሁ» አለ።

ከሰልፈኛው መካከል እናቱ እማማ ሥራነሽ አህያቸውን ይዘው ቆመዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአንዲት ማሳ በሚያገኙት ጤፍ ነው ጌቱን ያስተማሩት። ሰዉን ዞረው ተቆጡ።

«ኧረ ዝም በሉ እናንተየ! ልጄ የሠራው አይሳሳትም። እኔው ሳልመዘገብ ቀርቼ ይሆናል።»

የመዘገብኳቸው እኔ ነኝ! ደሜ ፈላ።

«እናትህ እኮ ናቸው! አሁኑኑ አስተካክለው» አልኩት።

«ደንብ ደንብ ነው» ብሎ መስኮቱን ዘጋ።

ኃላፊው ዘንድ ሮጥኩ። እሳቸውም ያጨበጨቡለትን ሥራ ተበላሸ ማለት አልሆነላቸውም። ስመለስ እማማ ሥራነሽ ባዶ አህያቸውን እየነዱ ሄደዋል።

ጤፋቸውን ያለ ማዳበሪያ ዘሩ። ኅዳር ላይ አዝመራው ለምን እንደሳሳ ጎረቤት ሲጠይቃቸው «መሬቱ አርጅቶ ነው» ይሉ ነበር። ጌቱ አጠገባቸው ቆሞ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል።