ወደ አንድ ጎን አትሩጡ

ሥራ የጀመርኩ ቀን መርከቧ ገና ሮም አጠገብ ኦስቲያ ወደብ ታስራ ቆማ ሳለ የመወጣጫውን ገመድ አልለቅም ብዬ ነበር። ባሕር እንደምፈራ ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ማን ይቀጥረኛል? ኮንትራት ከሌለ ደግሞ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አይታደስም።

ሥራውን ያገኙልኝ እትዬ አልማዝ ናቸው። ሮም ውስጥ ሰው ቤት ሲሠሩ ኖረው አሁን የመርከቧ ወጥ ቤት ውስጥ ናቸው።

“አንቺ ልጅ፣ ፊትሽ አመድ መስሏል” አሉኝ። “ሰዎቹ የመጡት ለሽርሽር ነው፣ ለቅሶ ሊደርሱ መሰለሽ?”

መርከቧ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መሃል ባሉት ዓመታት የባሕሩን ዳር ይዛ ሰው ታመላልስ ነበር። አሁን ታድሳ በበጋ ሽርሽረኛ ትጭናለች፤ ጨዋታውም የዚያን ጊዜው ነው። ሳሎኗ ውስጥ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። ረጅም ቀሚስ የለበሱ ሴቶች የገመድ ቀለበት እንጨት ላይ ለማስገባት ይወረውራሉ፣ ከረባት ያሰሩ ወንዶች ገመድ ይጓተታሉ፣ አንዱ ፎቶ ላይ ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይደንሳሉ። ባሕሩን የሚያይ አንድም ሰው የለም።

የእኔ ሥራ ማጫወት ነው። ላይኛው ወለል ላይ በጠመኔ መስመር አሰምራለሁ፣ ቀለበት አድላለሁ፣ ለገመድ ጉተታ ቡድን እከፍላለሁ፣ ፊሽካ እነፋለሁ።

የመርከቧ አዛዥ፣ ኮማንዳንቴው፣ የሰጠኝ ደንብ አንድ ነው፤ “ተሳፋሪ ፊት አትፍሪ። አንቺ ከፈራሽ ሁሉም ይፈራል።”

“ቫ ቤኔ፣ እሺ” አልኩት። ከዚያ ጀርባዬን ለባሕሩ ሰጥቼ መሥራት ጀመርኩ።

ከሊቢያ ወደ ጣሊያን ስንሻገር የተጫንንበት ጎማ ጀልባ ላይ የተነገረን ነገር ማንም እንዳይነሳ ነበር። የሚያድነን መርከብ ሲታይ ግን ሰው ሁሉ በደስታ ተነስቶ ወደዚያ ጎን ሄደ። ጀልባው ተገለበጠ። አጠገቤ የነበረችው ሰናይት አልወጣችም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ መርከቧ መወዛወዝ ጀመረች። ገመድ ጉተታው መሃል ላይ ነበርን። አንዱ “ዶልፊን!” ብሎ ጮኸ። ገመዱን ጥለው ሁሉም ወደ ግራ ሮጡ።

ወለሉ ከእግሬ ስር ያዘነበለ መሰለኝ። ፊሽካዬን ሳላቋርጥ ነፋሁ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ገመዱን ጨብጬ “ተቀመጡ! ሁላችሁም! ባላችሁበት!” አልኩ።

ዞረው አዩኝ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ “ቁጭ ብሎ መጎተትም አለ እንዴ? ይሄማ የእኔ ጨዋታ ነው!” ብላ ተቀመጠች። ባልዋ ተከተላት። ሌሎቹም እየሳቁ መጥተው ተቀመጡና መጎተት ጀመሩ። እኔ ገመዱን የያዝኩት እንዳልሰጥም ነበር።

ኮማንዳንቴው ከላይ ካለው የመሪ ክፍሉ ወረደ። አለቀልኝ፣ ኮንትራቱም ፔርሜሶውም ሄደ አልኩ። ወደ ዳር ወሰደኝ።

“ይቺ መርከብ ሰው ወደ አንድ ጎን ስለሮጠ አትገለበጥም።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ ምን ነካሽ?”

ነገርኩት። ጀልባውንም ሰናይትንም። ሰምቶኝ ሲያበቃ በአገጩ ወደ ሳሎኑ ፎቶዎች ጠቆመ።

“ድሮ ማዕበል ሲነሳ ጨዋታ የሚያስጀምሩት ለምን ይመስልሻል? ሰው ባሕሩን እንዳያይ ነበር። አሎራ፣ በቃ ሂጂ። ገመዱን ይዘው እየጠበቁሽ ነው።”

እትዬ አልማዝ ሲሰሙ “ተቀምጦ ገመድ ጉተታ! ለሰነፍ የተፈጠረ ጨዋታ” ብለው ሳቁብኝ። ቀጥለው ግን ስኳር የበዛበት ሻይ ቀዱልኝ፤ ጠጥቼ እስክጨርስም ብርጭቆውን ራሳቸው ያዙልኝ።

ፍርሃቱ አለቀቀኝም። አሁንም መልህቅ ሲነሳ ጀርባዬን ለባሕሩ እሰጣለሁ። ለአዲስ ገቢ ሠራተኛ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ሥራችን ሰው ማሳቅ አይደለም፣ ሰው ወደ አንድ ጎን እንዳይሮጥ መያዝ ነው። ስትፈሪ ቀድመሽ ቁጭ በይ።