ወናፍ የተገጠመላት ትንሿ መኪና

በጃንሆይ ዘመን ዲላ ውስጥ ጣራ የሌላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና አንዲት ብቻ ነበረች። ባለቤቷ የትምህርት ቤት መምህር ነው። ቡና ገዢ የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ፣ ሞተሯ ተሰንጥቆ ስለነበር ለእሱ ትቶለት ሄደ። እኔ ያን ጊዜ የቡና መፈልፈያው ሞተር ጠባቂ ነበርኩ፤ ከዚያ ጎን መኪናም እጠግናለሁ። ገደል ከገባች የቤት መኪና ሞተር አውጥቼ ገጠምኩላት። ሞተሩ ደካማ ነው። እሷ ግን አራት ሰው ከመሬት የሚያነሳት ቀላል ስለሆነች ሜዳው ላይ ትበራለች። ዳገት ስታይ ነው ችግሩ።

አንድ ቀን ይርጋጨፌ ዳገት ላይ ቆመችና ገበያተኛው ገፋት፤ መምህሩ መሪውን ይዞ ተቀምጧል። ይህን ካዩት ሰዎች አንዱ ለካ ሊያገባት የሚፈልጋት ልጅ አባት ኖረዋል። ቤታቸው ወርቃ ነው፣ ከፍ ያለው አገር። ሽማግሌ ሲላክባቸው ልጅቷን አልከለከሉም። ግን እንዲህ አሉ፦

"እሰጠዋለሁ። በሠርጉ ቀን በዚያች በሚኮራባት መኪና ደጄ ድረስ ይምጣ። ሰው ከገፋት ግን ከዳገቱ ይመለስ። ዛሬ ገበያተኛ የገፋውን ሰውዬ ነገ ልጄ ልትገፋው ነው?"

መምህሩ ይህን ሊነግረኝ መፈልፈያው ድረስ መጣ። "ጋሼ፣ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። ምን ይሻለኛል?"

"ትንፋሽ ነው የጎደላት" አልኩት። "እላይ አገር አየሩ ይሳሳል። እንጨምርላታለን።"

የመንገድ ሥራው ካምፕ ውስጥ የሞተ የናፍጣ ሞተር ወድቆ ነበር። ጎኑ ላይ አየር በግድ የሚከት ዕቃ አለው። ፈረንጆቹ የሚጠሩበት ስም ነበራቸው፤ እኔ ወናፍ አልኩት፣ ሥራው የአንጥረኛ ወናፍ ሥራ ነው። ውስጡ ሁለት ጥምዝ ብረቶች ጎን ለጎን ይሽከረከራሉ። በመሃላቸው ወረቀት እንኳ በግድ ነው የሚያልፈው፤ ግን አይነካኩም። ተራ ሞተር የሚችለውን ያህል አየር ስቦ ይኖራል። ወናፍ ያለው ግን አማቱ ቤት እንደሄደ ሰው ነው፤ በቃኝ ቢልም ያጎርሱታል።

የካምፑ አለቃ "ውሰደው" አለኝ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የወናፉን ማስቀመጫ ከአሮጌ የጭነት መኪና ብረት ቆረጥኩ። ካርቡራተሩን ከሞተሩ አንስቼ ወናፉ አፍ ላይ አሰርኩት፤ የድሮ ማስቀመጫውን ነቅዬ ጣልኩት። ወናፉን የሚያዞረው ቺንጊያ የሚጠመጠምበት ፑሌጃ መጀመሪያ ትልቅ ሆነና ወናፉ ዘገየ። አሳንሼ ብገጥመው ሞተሩ ውስጥ መዶሻ የሚመታ መሰለ። የካንዴላውን እሳት ትንሽ አዘግይቼ፣ የቤንዚኑን ቀዳዳ ባሰፋው ጊዜ ዝም አለ። ኮፈኑ አልዘጋ ሲል ቀደድኩት።

የቀረው ማጣሪያ ነው። የቡና ወራት ስለሆነ መንገዱ አቧራ፣ መፈልፈያው ገለባ ይበትናል። እኔ ለመፈልፈያው ሞተር የእንሰት ቃጫ ዘይት እያጠጣሁ በቆርቆሮ ውስጥ እጠቀጥቅ ነበር፤ አቧራ አያሳልፍም። ለመኪናዋም እንደዚያው አደረግሁ። ቃጫውን የፋቀችው ባለቤቴ ቆማ ታየኛለች።

"ይኼ ሲደርቅ ይበጣጠሳል" አለችኝ። "ከውስጥ በኩል ወንፊት አድርግበት።"

"መፈልፈያው ላይ ስንት ዓመት ሠርቷል።"

"የመፈልፈያው ሞተር አንድ ቦታ ተኝቶ ነው የሚሠራው። ይኼ እኮ እየዘለለ ሊሄድ ነው!"

"አንቺ እንሰትሽን ፋቂ" አልኳት። ወንፊቱን አላደረግሁም።

ለሙከራ ስንወጣ እንደ ንብ መንጋ እየጮኸች ዳገቱን ነጠቀችው። አንዱ ሸክም ተሸክሞ ሲያልፍ፣ "ጋሼ፣ ውስጧ ምን ከተታችሁባት? ጅብ ነው?" አለ። መምህሩ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የሠርጉ ዕለት እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ፤ ሚዜዎቹ በጭነት መኪና ይከተሉናል። ይርጋጨፌን ሳንቆም አለፍን። ገበያተኛው እልል አለ። ወርቃ የመጨረሻው ዳገት ላይ ስንደርስ የወናፉ ድምፅ ቀጠነ፣ ከዚያ አንዴ አንቋረረና ቆመች። ኮፈኑን ከፍቼ ካርቡራተሩን ፈታሁ። የደረቀ ቃጫ ሁለቱ ብረቶች መሃል ተጠምጥሞ ቀርቅሯቸዋል፤ ወናፉ ካልተበተነ አይወጣም። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ፤ ግን ወናፉ ተቀርቅሯል ብቻ አልኳቸው።

ሚዜዎቹ ዘለው ወረዱ። አንዱ፣ "እስከ መታጠፊያው እንግፋት፤ ከዚያ ወዲህ ማን ያየናል?" አለ።

መምህሩ መኪናዋን አየ፣ ዳገቱን አየ። "አትንኳት" አለ። "እዚያ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ ስጠየቅ አልዋሽም።"

ከዚያ ከመቀመጫው ኋላ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሲፈታው እኔ ነቅዬ የጣልኩት የድሮው የካርቡራተር ማስቀመጫ ነው፤ ወናፉ ሳይገባ የነበረው አጭሩ ቺንጊያም አብሮ አለ።

"ጋሼ፣ አይቀየሙኝ" አለኝ አንገቱን ደፍቶ። "ሥራዎን ንቄ አይደለም። ፈርቼ ነው።"

ደግ አደረግህ ማለት ሲገባኝ፣ "አሥራ ሦስት ቁልፍ አቀብለኝ" አልኩት።

ወናፉን ነቅዬ የድሮውን እስክመልስ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። ተነሳች፤ ግን አቅም የላትም። ሁለታችንን ይዛ ጎማዋ አልንቀሳቀስ አለ።

"እርስዎ ይንዱ" ብሎ ወረደ።

"ሙሽራው አንተ ነህ እኮ!"

"ከእርስዎ ይልቅ እኔ እከብዳታለሁ፤ ደግሞ ስትሞት የሚያስነሷት እርስዎ ነዎት።"

በአንደኛ ማርሽ ወጣሁ። እሱ በአዲስ ጫማው አቧራውን እየረገጠ ከጎኔ ይሄዳል። እንዲያውም ይቀድመኝና ቆሞ ይጠብቀኛል። ሚዜዎቹ ከኋላ፣ "ሙሽራው ቀደመ! መኪናዋ ተረታች!" ይላሉ።

አባትየው ከሽማግሌዎቹ ጋር ደጅ ቆመው ነበር። የመምህሩን ጫማ አዩ፣ መሪ ላይ እኔን አዩ።

"ማን ገፋት?"

"ማንም አልገፋት" አለ መምህሩ።

"ታዲያ ይህን ያህል ምን አቆማችሁ?"

እሱ አፉን ሳይከፍት እኔ ወረድኩ። ሰው ፊት አጥፍቻለሁ ብዬ አላውቅም ነበር። "እኔ ነኝ ያቆምኳት" አልኩ። "ሚስቴ አታድርግ ያለችኝን አደረግሁና ማሽኑ ቃጫ ዋጠ። ይህ ልጅ ምንም አላጠፋም።"

"ቃጫ?" አሉ። በጌዴኦኛ ለሽማግሌዎቹ ነገሯቸው፤ አንዱ በትሩን ተደግፎ እስኪያስል ሳቀ። አባትየው ግን አልሳቁም። ኮፈኑ ላይ እጃቸውን አሳረፉና አቃጥሏቸው ቶሎ አነሱት።

"መኪናህ ተሸክማህ አልመጣችም" አሉት።

መምህሩ መሬት መሬት አየ።

"አንተ ነህ ይዘሃት የመጣኸው። ግባ።"

ከሰዓት በኋላ ሙሽራይቱ እኔ በመጣሁበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። አባቷ በሩን ራሳቸው ዘጉላትና መምህሩን "ቀስ በል" አሉት። መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ በማርሽ ብቻ እየያዛት ወረደ። እኔ ወናፉን ታቅፌ በጭነት መኪናው ላይ ከሚዜዎቹ ጋር ተሳፈርኩ። እስከ ዲላ ድረስ በቃጫው ሲቀልዱብኝ፣ እኔ ወንፊቱን እንዴት እንደምገጥምበት አስብ ነበር።