የጥርስ ሀኪሙ ቀጠሮ

ዛሬም ባቡር ውስጥ እርጥብ ሱፍ ሲሸተኝ ሴንት ጄምስ ታውን በሚባል የስደተኞች ሰፈር ያደግሁበት ሕንፃ ሊፍት ትዝ ይለኛል፤ ከትናንት ዝናብ ያልደረቀውን የትምህርት ቤት ኮቴን በትልቅ ጃኬት ሸፍኜ ስወርድ፣ ዐሥራ አራተኛው ፎቅ ላይ በሩ ባይከፈት ብዬ እጸልይ ነበር።

ዐሥራ አራተኛው ላይ ናሆም ይኖር ነበር። የሰመሩን የትምህርት ቤት ዕረፍት ሙሉ ከሕንፃው ጀርባ አብረን ኳስ ስንጫወት ውለን፣ እናቱ እትዬ ሰብለ ቤት በልቼ ነበር የምመለሰው።

መስከረም ላይ እናቴ፣ መርጦ የሚቀበል የወንዶች ትምህርት ቤት ፈተናውን ላለፈ የእኛን ሰፈር ልጅም በነፃ እንደሚያስተምር ሰማች። ከማን እንደሰማች አልነገረችኝም። በሩን ዘግታ፣ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጋ፣ «ለማንም ትንፍሽ እንዳትል፤ ለናሆምም ቢሆን። የሰው ዓይን ያስቀራል» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ናሆም ባንኳኳ ቁጥር የመለማመጃ መጽሐፌ ሶፋው ሥር ይገባ ነበር፤ እሱም ሶፋውን ትክ ብሎ የሚያየው ይመስለኝ ነበር። እኔም በተራዬ ጠረጠርኩት፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ለምን ኳስ መጫወት ተወ?

በረዶ ጥሎ የፈተናው ዋዜማ ሲደርስ ናሆም፣ «ነገ እኛ ቤት ትመጣለህ?» አለኝ።

«ጥርስ ሀኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ።»

«እኔም ቤተ ክርስቲያን ነኝ» አለ፣ ሳያየኝ።

በማግስቱ የፈተናው ክፍል በር ላይ እናቴና እትዬ ሰብለ ፊት ለፊት ተገጣጠሙና ሦስት ጊዜ ተሳሳሙ።

«እናንተም?»

«እኛማ እንዲያው ለመሞከር ነው።»

«እኛም እንዲያው ነው።»

ናሆም አጠገቤ ተቀምጦ እርሳሱን እየቀረጸ፣ «ሀኪሙ ገበያ ደርቶለታል» አለኝ።

«ቅዳሴው አለቀ?» አልኩት።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እናቴ «አንተ ነህ የነገርከው» አለችኝ፤ ብምልላትም አላመነችኝም። ከኋላችን እትዬ ሰብለም ናሆምን በሹክሹክታ ሲቆጡት እሰማ ነበር።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ደብዳቤው መጣ። እኔ አለፍኩ፣ ናሆም አላለፈም። እናቴ እልል አላለችም፤ ደብዳቤውን አጣጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። በአዲሱ ትምህርት ቤትም ግጥም ጽፌ ባስረከብኩ ቁጥር አስተማሪው «ማን ረዳህ?» ይለኝ ነበር።

ቅጠል ሲረግፍ፣ አንድ ጠዋት፣ የፈራሁት በር ተከፈተ። ናሆም ገባ። ከጃኬቴ አንገት ብቅ ያለውን የክራባቴን ጫፍ አየ። ከመውጣቱ በፊት ጫፉን ወደ ውስጥ ከተተልኝና፣ «ጥርስህ ግን ተሻለው?» አለኝ።

አሁን እሱ ከከተማው ዳር፣ ስካርቦሮ ነው የሚኖረው። በቀደም ለማንም ያላሳየኋቸውን ግጥሞቼን ለአንድ አሳታሚ ኢሜይል አድርጌ ሳልጨርስ ደወለልኝ።

«የት ጠፍተህ ነው?»

«ጥርስ ሀኪም ስመላለስ» አልኩ ሳላስበው።

ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። «ያኔስ እናቶቻችን አዘውን ነው» አለ። «አሁን ማን አዘዘህ?»

ያኔ በሩን የምትዘጋው፣ ሬዲዮኑን ከፍ የምታደርገው እናቴ ነበረች፤ አሁን ብቻዬን የምኖርበት ቤት ሬዲዮ እንኳ የለውም፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ የምናገረው በሹክሹክታ ነው።