አርባ ቀን ወንዝ እንዳትሻገር

ባለፈው ሳምንት ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ውሻ ይከተብ ነበር። እኔም ውሻዬን በገመድ ይዤ ተሰለፍኩ። የሚወጋው ወጣት ጨዋታ ይወዳል።

«ቫይረስ እኮ መንገዱ ለየቅል ነው እማማ» አለኝ። «አንዱ ሳንባ ይወዳል፣ አንዱ ጉበት፣ አንዱ የበጉን ቆዳ ያቆስላል። የእብድ ውሻው ግን ከተነከሰው ቦታ ተነስቶ፣ ነርቭ ነርቩን ቀስ እያለ አንጎል ይገባል። ሳምንታትም ወራትም ይፈጅበታል። ሳይደርስ በመርፌ ይቀደማል።»

የውሻዬን አንገት አጥብቄ ያዝኩ።

እህቴ ብርቄ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ እኔ አሥራ አምስት። ገብሱ እሸት ሲይዝ የገዛ ውሻችን ባቷን ነከሳት። መሪጌታው አጎታችን ሥር ቀጥቅጠው አጠጧትና «አርባ ቀን ወንዝ እንዳትሻገር። ከተሻገረች መድኃኒቱ ይሽራል፣ ትሞታለች» አሉ። ጠባቂዋ እኔ ሆንኩ።

በሦስተኛው ቀን የብርቄ መምህር መጥተው፣ ከወንዙ ማዶ ጤና ጣቢያው መርፌ አለው ብለው አባታችንን ለመኑ። አባታችን እምቢ አሉ። እኔ እሸት ስጠብስ ብርቄ መምህሩን ተከትላ ጠፋች። ሮጬ ስደርስ አንድ እግሯን ወንዙ ውስጥ ከትታለች። መምህሩ ከማዶ ሆነው «ልቀቂያት አንቺ ልጅ!» ይላሉ። በሹሩባዋ ጎትቼ አወጣኋት።

«እታለም፣ እኔ እኮ መርፌ አልፈራም» አለችኝ።

በጥፊ መታኋት። «ሞትስ አትፈሪም?»

ከዚያ ወዲያ እግሯን ከምሰሶው ጋር በጠፍር አሰርኳት። ቀኑን ግድግዳው ላይ በከሰል እየጫርኩ ቆጠርኩ። ገብሱ ደረቀ፣ ታጨደ። አርባው ሲሞላ ዶሮ ታረደ፤ አጎቴ «ጎበዝ ጠባቂ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። እጇን ይዤ በኩራት ወደ ወንዙ ወረድን።

ውኃውን ስታይ ቀጥ አለች።

«በይ ተሻገሪ እንግዲህ፣ ስትመኚው አልነበር?»

በመዳፌ ቀድቼ ሳቀርብላት ጉሮሮዋ ተንቀጠቀጠ። «አርቂልኝ እታለም» አለች። ያሾፈች መስሎኝ ሳቅኩና ፊቷ ላይ ረጨሁባት።

በሦስተኛው ቀን ሞተች። ውኃ ትለምናለች፤ ሲያመጡላት ትጮኻለች። አጎቴ ለለቀስተኛው «አንድ እግሯን ወንዝ ከትታ ነበር» አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ።

ብዙ ዓመት ጥፋቴ ዘግይቼ መድረሴ ይመስለኝ ነበር። ትልቅ ሰው ሆኜ በራሴ ፊደል ቆጥሬ፣ ከአንድ የተቀዳደደ የጤና መጽሐፍ ላይ ሳነብ ነው ጥፋቴ መድረሴ እንደነበር የገባኝ።

«ጨርሻለሁ እማማ፣ ይልቀቁት» አለኝ ወጣቱ።

ጣቶቼ ግን ቶሎ አልላቀቅ አሉኝ።