የጀግናው ክንድ የት ተቀበረ?

አባቴ የጉልበቱ አጥንት በቀዶ ሕክምና በብረት ሊቀየር ሳምንት ሲቀረው «ብረት ሰውነቴ ውስጥ አይገባም» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ ተከራክሮ የሚረታው የለም። እኔም ብግን ብዬ፣ እዚሁ አሜሪካ የተወለደችው ልጄ ከላይብረሪ ያመጣችውን የድሮ ኮሚክ፣ በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ ፊቱ ዘረጋሁት። ታሪኩ ጦርነት ላይ ስለቆሰለ ወታደር ነው። ሐኪሞች ክንዱንና እግሮቹን ቆርጠው በብረት ይተኩለታል፤ ከዚያ በኋላ ታንክ እንደ ድስት ክዳን እያነሳ ይወረውራል።

ገጽ በገጽ ተረጎምኩለት። ስጨርስ መነጽሩን አውልቆ «የተቆረጠውን ክንዱን የት ቀበሩት?» አለኝ።

ልጄ ከመጀመሪያው ጀምራ ገለጠች። ታንክ አለ፣ አውሮፕላን አለ፣ የማስቲካ ማስታወቂያ ሳይቀር አለ። መቃብር የለም። በእንግሊዝኛዋ «ኮሚክ እኮ ነው!» አለች።

«ጀግናስ ጀግና ነው» አለ አባቴ። «ግን ዘመድ የለውም።»

በቀጠሮው ቀን እንደ ምንም አግባብቼ ሚኒያፖሊስ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ ሁሉን አስረድቶ «ጥያቄ አላችሁ?» ሲል አባቴ ዞሮ እኔን አየኝ። ምን ላድርግ፣ ዘመድ ነኝ። የሚወጣውን አጥንት በምን ይዘነው እንደምንሄድ ጠየቅሁ።