ጎረቤቴ ያልሰበረችው ማድረቂያ

ወሬው የደረሰኝ ወደራ ከተማ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነው። የባሌ አክስት አርፈው ነበር። ዕለቱ የሕማማት ሰኞ ነው፤ ድንኳኑን ዝናብ ይደበድበዋል። ስልኬ ጮኸ። ነገሌ ከተማ የቤቴን ቁልፍ የተውኩላት ጎረቤቴ ናት።

«ኦቦሌቲ ኮ!» አለችኝ። እህቴ ማለቷ ነው፤ ስትደነግጥ አማርኛው ጥሏት ይሸሻል። «ሞቷል! ወላሂ እኔ ምንም አላደረግሁትም፣ ሞቷል!»

«ማን ነው የሞተው?» ብዬ ጮህኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን አነሡ።

«ማድረቂያው! የልብስ ማድረቂያው!»

ምን ልበል? «የቤት ዕቃ ነው» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ሴትዮዋ እጃቸውን አወረዱ፤ ፊታቸው ግን እስከ ማታ አልተፈታልኝም። ጎረቤቴ አሁንም ታወራለች። ልጇ ከወለደች ገና አሥር ቀኗ ነው፣ ዝናቡ አላቋርጥ ብሏል፣ የሕፃኑን ጨርቅ ልታደርቅ ከታ ነበር፣ ማሽኑ ይዞራል፣ ግን አይሞቅም። «አትንኪው በቃ!» ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት። እንኳን ነገርሽኝ አላልኳትም።

የማሽን ወሬ አውርቶ መሳቅ ጥሩ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሳምንት የአንዲትን ሴት ስም በሰው ፊት አጎደፍኩ፤ ስሟ እስከ ዛሬ አልጠራም። የምጽፈው ለዚሁ ነው።

ማድረቂያውን የላከችልኝ ዓረብ አገር የምትሠራ ታናሽ እህቴ ናት። አዲስ አበባ ድረስ በመርከብና በከባድ መኪና፣ ከዚያ በአይሱዙ ጭነት ላይ ከሽንኩርት ጋር ነገሌ ወረደ። ሲወርድ ያላፌዘ ሰው የለም። «ነገሌ ላይ ማድረቂያ? ፀሐይዋን ከሥራ አሰናበቷት እንዴ?» አለ አንዱ ወዛደር። እውነቱን ነው፤ በበጋ ልብስ አስጥተሽ ዞር ሳትይ ይደርቃል። ግን ቀዩ አቧራ አለ። ፍየሎቹ አሉ፤ የነጠላ ጥለት በልተው የማይጠግቡ። በሚያዝያ ደግሞ ሰማዩ ይቀደዳል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከጉራጌ አገር ባሌን ተከትዬ እዚህ ቆላ ከወረድኩ ጀምሮ የሰንበት ትምህርት ቤቱን መዘምራን ልብስ የምሰፋውም የማጥበውም እኔ ነኝ። ነጭ ነው። ትንሣኤ ሁልጊዜ የሚውለው ዝናቡ ውስጥ ነው። እህቴ ይህን ታውቃለች።

ከአገሬ ርቄ ስለምኖር ይሁን ስለ ተፈጥሮዬ አላውቅም፣ ጥንቁቅ ነኝ። ለማሽኑ ከነዳንቴሉ ልብስ ሰፋሁለት። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቼ እርጥቡ አየር የሚወጣበትን ቱቦ ግድግዳ አስበስቼ ወደ ጓሮ አስወጣሁ። ወደራ ስሄድ ለጎረቤቴ ቁልፉን እየሰጠሁ ያስጠነቀቅኋትን ባስታውስ ዛሬም አፍራለሁ። ብርድ ልብስ እንዳትከቺ። ወንፊቱን ሳታራግፊ እንዳታስነሺ። በእርጥብ እጅሽ ሶኬት እንዳትነኪ። መብራት ሄዶ ከመጣ ሩብ ሰዓት ጠብቂ። መርፌ ቁልፍ ያለበትን ልብስ ፈትሺ። እሷ በየመሐሉ «ቶሌ፣ ቶሌ» ትላለች፤ እሺ፣ እሺ። ሲበዛባት ሳቀችብኝ።

«ይሄ ማሽን ነው ወይስ ሙሽራ?»

ማክሰኞ ከወደራ ተመለስኩ። መንገዱ ጭቃ ነበር፣ መኪናው ሁለት ጊዜ ተይዟል፣ ወርደን ገፍተናል፣ ጾሙ አለ። ቤቴ ደግሞ ሃያ አራት የመዘምራን ቀሚስ ታጥቦ በሳፋ ይጠብቀኛል፤ ለቅዳሜ መድረቅ አለበት። ግቢው በር ላይ ጎረቤቴ ቆማለች።

«አካም? ናጋ?» አለችኝ፤ ደህና ነሽ፣ ሰላም ነው?

ሳልመልስ አለፍኳት። በሕማማት እኛ እንደማንሳለም ታውቃለች፤ ስንት ዓመት በአንድ ግቢ ኖረናል። ግን ያ ዝምታዬ የሕማማት ዝምታ እንዳልሆነም አውቃለች።

ግቢያችን ውስጥ ሰባት ቤት ተከራይ አለ፣ ሌላ ወሬም አልነበረም፤ ሴቶቹ ሁሉ እኔ ቤት ገቡ። ሶኬቱን ነቅዬ ካውያ ሰካሁበት፤ ካውያው ጋለ። ስለዚህ መብራቱ ደህና ነው። ማሽኑን አስነሣሁት፤ እንደ ጤነኛ ይዞራል። በሩን ከፍቼ እጄን ሰደድኩ፤ የሕፃኑ ጨርቅ እርጥብ፣ ብረቱ ቀዝቃዛ። ወንፊቱን አወጣሁ፤ ንጹሕ ነው። መመሪያውን ገለጥኩ፤ ዓረብኛ ነው። ጎረቤቴ ቁርኣን የቀራች ናትና አንዱን ገጽ አየችልኝ።

«ፊደሉን አነባለሁ» አለች፣ «ግን ስለ ማሽን እዚያ አልተማርንም።»

በሌላ ቀን ቢሆን ያስቀኝ ነበር። ምክሩም ጀመረ።

«ገልብጪው፤ ውኃ ገብቶበት ይሆናል።»

«ጸበል ርጪበት።»

«አንዴ በጥፊ በይው! የእኔ ቴሌቪዥን ያለ ጥፊ አይሠራም።»

ይህችኛዋ ሳትጠየቅ አንድ ጊዜ በጥፊ መታችው፤ ዳንቴሉ መሬት ወደቀ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ጎንበስ ስል ማሽኑ ሆድ ውስጥ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ሰማያዊ የሱፍ ክር አየሁ።

«ብርድ ልብስ ከተሻል!»

«አልከተትኩም። የሕፃኑ ኮፍያ ነው።»

«ይሄን የሚያህል ማሽን በኮፍያ ሞተ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ማሎ፣ እባክሽ...»

«አዎ፣ አታውቂም! ዕቃ ለማያውቅ ሰው ዕቃ ማመን የእኔ ጥፋት ነው!»

ይህን ያልኩት አምስት ሴት ፊት ነው። ከመካከላቸው አንዷ «ተይ፣ ሕማማት ነው» አለች ቀስ ብላ። ሌሎቹ ወለሉን አዩ። ጎረቤቴ የሻሿን ጫፍ ፈትታ ቁልፌን አወጣች፣ ማሽኑ ላይ አስቀመጠች፣ እርጥቡን የሕፃን ጨርቅ በእቅፏ ሰብስባ ወጣች። ሴቶቹም ተከትለዋት ወጡ። ማጽናናት የፈለገም ነበረ ይሆናል፤ የቀረው ግን ወሬውን ይዞ ገበያ ነው የሄደው። እሷ ገበያ ውስጥ ሻሽና ሽርጥ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ከእሷ ቀድሞ ወሬው መደብሯ ደረሰ።

ረቡዕ ጠዋት ፍሪጅ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አስጠራሁ። የአገሬ ሰው ናቸው፣ ነገሌ ላይ ያረጁ። ማሽኑን ዞሩት፣ አንኳኩት፣ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ፍሪጅ ነው?»

«አይ ጋሼ፣ የልብስ ማድረቂያ ነው።»

«እህ። እኔ ሥራዬ ማቀዝቀዝ ነው። ይሄ ደግሞ እንደማየው ቀዝቅዟል፤ ሥራዬን ጨርሷል ማለት ነው» ብለው ለብቻቸው ሳቁ። እኔ ሃያ አራቱን ቀሚስ እያየሁ ቆሜአለሁ።

ግን እጃቸው የሚያውቅ እጅ ነበር። የጀርባውን ቆርቆሮ ፈቱ። ከውስጥ የክር ብናኝ እንደ ጥጥ ተከምሯል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የምትጮኸውን መለኪያቸውን አንዲት ትንሽ ነገር ላይ አስነኩ፤ ዝም አለች።

«ይቺ ፊውዝ ናት። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ቤት ከሚቃጠል እኔ ልቃጠል ብላ ራሷን ትሰጣለች። ብርድ ልብስ አይደለም ልጄ። ይሄ ታፍኖ ነው። አየሩ የሚወጣው በየት ነው?»

«በጓሮ ነው።»

ጭቃውን እየረገጥን ቤቱን ዞርን። ከግድግዳው የወጣው የቱቦ አፍ ላይ ሳንደርስ አስታወስኩ። ባለፈው ዓመት ዝናብ በዚያ ቱቦ እባብ ሊገባ ሲል ተገኝቶ ነበር። እኛ አገር ቀዳዳ ሳይደፈን ማደር የሴት ነውር ነው፤ እዚህ ቆላ ደግሞ ነውር ብቻ ሳይሆን ሞት ነው። ስለዚህ ከጨርቅ ቁርጥራጭ ትንሽ ትራስ ሰፍቼ፣ ዙሪያውን በአረንጓዴ ክር ዘምዝሜ፣ ማድረቂያውን በተጠቀምኩ ቁጥር ስጨርስ እወትፈዋለሁ፣ ልጠቀም ስል አወጣዋለሁ። እንደ በር መዝጋት ለምዶብኝ አላስበውም። ለጎረቤቴ ያን ሁሉ ትእዛዝ ስደረድር ይህንን አንዱን አልነገርኳትም። እጄ ያውቀዋል፤ አፌ ግን ተናግሮት አያውቅም።

አዛውንቱ ትራሱን ጎትተው አወጡት። ግማሽ ጎኑ ጠይሟል።

«ይሄን ማን ጠቀጠቀው?»

«እንጃ... ልጆች ይሆናሉ» አልኩ።

በሕማማት ረቡዕ፣ ሳልበላ ሳልጠጣ፣ ዋሸሁ። እሳቸው ትራሱን አገላብጠው አዩት። ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ቤት ገብተው የማሽኑን ልብስ አዩ፤ እሱም በዚያው አረንጓዴ ክር ነው የተዘመዘመው።

«ጎበዝ ልጆች ናቸው» አሉ መፍቻቸውን እየሰበሰቡ። «ስፌት ይችላሉ።»

ፊውዟ ነገሌ አልተገኘችም። ቀሚሶቹን በካውያ ተኩሼ ለማድረቅ ሁለት ቀን ታገልኩ፤ መብራት ሲሄድ በከሰል ካውያ። ሦስቱን አቃጠልኩ። ትንሣኤን መዘምራኑ እርጥብ እርጥብ በሚሸት ልብስ ዘመሩ፤ ከአንዷ በቀር ማንም አላማረረም፣ እሷም ስታስነጥስ አደረች አሉኝ። በጎረቤቴ በር ሳልፍ የሕፃኑ ጨርቅ በከሰል ምድጃ ዙሪያ ወንበር ላይ ተሰጥቶ አያለሁ። ዓርብ ስግደት ላይ በየስግደቱ የምትታየኝ እሷ ናት፤ ግን ተነሥቼ ወደ እሷ አልሄድኩም። ደክሞኝ ነው እል ነበር።

ከትንሣኤ በኋላ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ፤ ብዙ አልተቆጡም። «ስትሰድቢ ስንት ሰው ነበረ?» አሉኝ።

«አምስት፣ አባቴ።»

«ስትክሺም አምስት ይኑር።»

ለዳግማይ ትንሣኤ ሄጄ ጎረቤቴ በር ላይ ቆምኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ትራሱን፣ ውሸቱን፣ ሁሉንም። ሕፃኑን ታቅፋ ሰማችኝ።

«እኔ ይቅር ብያለሁ፣ ለአላህ ብዬ» አለች። «ግን ኦቦሌቲ ኮ፣ ገበያ ወርደሽ ስሚ። ለሕፃኑ ድግስ ትልቅ ድስት ልዋስ ብሄድ ‹እንደዚያ ማሽን እንዳታደርጊው› አሉኝ። ሳቁ። ድስቱን ሰጡኝ፣ ግን ሳቁ።»

በእኛ ግቢ ኑሮ በመዋዋስ ነው። ወንፊት፣ ሙቀጫ፣ ድስት፣ የእንግዳ ሰሐን፤ ማንም ሁሉም ዕቃ የለውም። ዕቃ ትሰብራለች የተባለች ሴት በየበሩ ማስጠንቀቂያ እየተነገራት ትዋሳለች። ይህን ያደረግሁባት እኔ ነኝ።

ወዲያው አምስቱን ሴቶች ለመሰብሰብ ተነሣሁ። አንዷ ወደ ሊበን ገጠር ወደ እናቷ ሄዳለች፤ ሌላዋ ባሏ ተዛውሮ ከነገሌ ለቃለች፤ ሦስተኛዋን አላገኘኋትም። የቀሩትን ሁለቱን ቁጭ አድርጌ ነገርኳቸው። ትራሱን አሳየኋቸው። እነሱ የሚሉኝ ምን ቢሆን ጥሩ ነው?

«ተይ እባክሽ! እሷን ለማዳን ብለሽ ነው።»

«እኔ ነኝ እኮ የደፈንኩት! ስፌቱን እዩት!»

«አንቺ መቼም ደግ ነሽ። የሰው ጥፋት በራስሽ ትጭኛለሽ።»

እግዚአብሔር ይይላቸው፤ መሐላ ቢጠይቁኝ ልምል ነበር። ብበሳጭ ደግነት፣ ባለቅስ ደግነት፣ ዝም ብል ደግነት ሆነብኝ። ከእሷ የገፈፍኩት ስም ለእኔ ተጨመረልኝ። ቀን በቀን ቤተ ክርስቲያን ስመላለስ የሚያዩኝ ሰዎች እኔ ዋሽቼ እሷን እንዳስጠረጠርኩ ማመን አቃታቸው፤ እሷ መስበሯን ግን ለማመን አንድ የሱፍ ክር በቃቸው።

ፊውዟ ከአዲስ አበባ መጥታ ማድረቂያው ዛሬ ይሠራል። ጎረቤቴ ግን ከልጇ ጋር ሜጋ ከተማ ሄዳለች፤ መንገድ ዳር መደብር ከፍታ ያንኑ ሻሽና ሽርጥ ትሸጣለች። በቅርቡ ከዚያ የመጣ ሾፌር «ማሽን ሰባሪዋ ሰላም ብላሻለች» አለኝ፤ እንደ ቀልድ። ስሟ እሷን ተከትሎ እዚያ መድረሱን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ በዚያ ማክሰኞ ቤቴ ውስጥ የቆማችሁ እናንተ አምስታችሁ፣ እህቶቼ፣ የትም ሁኑ፣ እለምናችኋለሁ። የሰማችሁት ግማሹን ነው። ቱቦውን የደፈንኩት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ፤ እሷ ያደረቀችው የሕፃን ጨርቅና ኮፍያ ብቻ ነው። በሜጋ የምታልፍ ካለች መደብሯ ትግባ፤ ገዢ ቆሞ እያለ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ይህንን ትናገርልኝ። ያወራችሁላቸው ሰዎች ጋም ተመለሱና ንገሯቸው። እባካችሁ ግን፣ «ደግ ስለሆነች ነው እንዲህ የምትለው» ብላችሁ አትጨምሩበት።